የሰብለ መርዶ

እናቷ በተቀበረችበት ቀን እማዋይሽ ጠጉሯን ቅቤ ተቀብታ ነበር።

ይህን ነገር ለሰው አውርታው አታውቅም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ ቅቤውን የቀቧትም ከነሱው አንዷ ናቸው። ስንት ክረምት አለፈ፣ ስንት ሰው ተወለደ፣ ስንት ሰው ሞተ፤ እሷ ግን ለጋ ቅቤ በሸተታት ቁጥር ተነሥታ ትወጣለች። በአማቷ በእመት ዓባይነሽ ልቅሶ፣ በሁለተኛው ቀን፣ የንፍሮ ድስት ተሸክማ ከማድቤት ስትወጣ ከጭድ ክምሩ ጀርባ ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሰማችና ቀጥ ብላ ቆመች።

"አራስ ናት" ይላል ባሏ ክንዱ። "ለአራስ መርዶ ይነገራል እንዴ? ደንግጣ ጡቷ ቢነጥፍስ? ደሟ ወደ ላይ ቢወጣስ?"

"ማን ይነገራት አለ?" ይህ የጎረቤታቸው የሀብትነሽ ድምፅ ነው። ሀብትነሽ የእድሩ ሴቶች አለቃ ናት፤ መንሾካሾክ አታውቅበትም፤ የሷ ሹክሹክታ ድንኳኑ ድረስ ይሰማል። "ክርስትናው ይለፍና ያን ጊዜ ይነገራታል። ወንድ አይደል የወለደችው? አርባ ቀን ምን አላት?"

"እኔ ዋሹ አልልም" አሉ የሟቿ የንስሐ አባት ቄስ ገብረሰንበት። "ዝም በሉ ነው የምል።"

"አባ ደግሞ! እኛ ዝም ብንል እሷ መች ዝም አለች? ስልኩን እኮ አላስቀምጥ አለችን።"

እውነቷን ነው። ሰብለ የእመት ዓባይነሽ የመጨረሻ ልጅ፣ የክንዱ ታናሽ እህት ናት፤ ቡሬ ነው ያገባችው። እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ እማዋይሽ ስልኩን በአማቷ ጆሮ ላይ ትይዝላቸዋለች። እርጉዝ ስለነበረች "ትንሽ ብርድ ነው" ተባለች እንጂ በእናቷ ጡት የወጣው ክፉ ቁስል አልተነገራትም። አሁን ግን ወልዳ ተኝታለች፤ ልጄን ለእማዬ አሰሙልኝ፣ እማዬን አገናኙኝ ትላለች። ክንዱ ጨንቆት ስልኩን ዘጋው። ይሄኔ መርዶውን የሰማው ባሏ ተስፋው በሌላ ሰው ስልክ ላይ ደወለ፤ "ሰብለ ልጁን አዝላ ልትመጣ ተነሥታለች፤ የምታምነው ሰው ላኩልኝ" አለ።

"እንግዲህ እማዋይሽ ትሂዳ" አለች ሀብትነሽ። "ከእናቷ ጎን የማትለይ እሷ መሆኗን ታውቃለች። 'ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል' ብላት ትምጣ። አለቀ።"

እማዋይሽ ክምሩን ዞራ ወጣችባቸው።

"ሰማሁ" አለች።

"ሰማሽ? ተገላገልን!" ሀብትነሽ አልደነገጠችም። "እንግዲያ ነገ ሠልስቱን እናውጣና በማግስቱ ማለዳ ትሄጃለሽ። ይህን ጥቁር አውልቀሽ፣ ነጠላሽን በወጉ አጣፍተሽ። ጠጉርሽም እንዲህ ተንጨፍሮ አይሆንም፤ ታውቅብናለች። እኔ ዘንድ ለጋ ቅቤ አለች፣ እቀባሻለሁ።"

እማዋይሽ ድስቱን መሬት አስቀመጠችው።

"ቅቤ?" አለች።

ክንዱ ዓይኑን ወደ ጫማው ሰደደ። ቄስ ገብረሰንበት መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሀብትነሽ ብቻ "አዎ ቅቤ፣ ምነው?" አለችና፣ ወዲያው ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ያኔ የሰብለ ሠርግ ሳምንት ነበር። ጠላው ተጠምቋል፣ ዳሱ ተጥሏል፣ ሰንጋው ታስሯል። ድግሱን ከነጓዳው የያዘችው እማዋይሽ ናት፤ የትኛው ጋን ቀድሞ እንደሚከፈት፣ የትኛው ድስት ለማን እንደሚወጣ ከሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አርብ እኩለ ቀን ላይ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም፣ ያጎቷ ልጅ መጣ። መርዶ እንደ ወጉ መጀመሪያ ለቤቱ ትልቅ ሰው ነው የሚነገር። ትልቋ ሰው እመት ዓባይነሽ ናቸው። "እናቷ ሌሊቱን አረፈች፤ እማዋይሽ እስክትደርስ እስከ ማታ እናቆያታለን" አላቸው። እመት ዓባይነሽ እንግዳውን በጓሮ አስገብተው አበሉት፤ በጓሮ አስወጡት።

ከዚያ እማዋይሽን ጠሯት።

"ነይ ቁጭ በይ።"

በጉልበታቸው መካከል አስቀምጠው፣ ሹሩባዋን ፈትተው፣ በገዛ እጃቸው ቅቤ ቀቧት። "የሙሽራዋ እህት ነሽ፤ እንዲህ አመድ መስለሽ አትታዪብኝም" አሏት። እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ አማቷ ጠጉሯን ሲነኳት የመጀመሪያው ነበር። ደስ አላት። የማይረሳት ይህ ነው፤ ደስ ማለቱ። ቋሪት ላይ ሰው መንገድ መንገዱን እያየ፣ የእናቷ ሬሳ በሷ ምክንያት ሳይነሳ ሲውል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ቅቤው ባንገቷ ሲወርድ ደስ ብሏት ተቀምጣ ነበር።

ሠርጉ አለፈ። መልሱ አለፈ፣ ቅልቅሉም አለፈ። ከዚያ አንድ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ገባና ተነገራት። ገበዝ ማርያም ስትደርስ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ወንድሟ በሬ ጠምዶ ያርሳል። እርፉን ሳይለቅ "አሁን መጣሽ?" አላት። መቃብሩ ላይ ሄዳ ብቻዋን ጮኸች። አብሯት የሚጮህ ሰው ስለሌለ ድምፅዋ ለራሷ አሳፈራት። ተወችው።

እመት ዓባይነሽ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተናገሩም። እሷም አልጠየቀች። እንዲሁ ኖሩ።

በሠልስቱ ቀን ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ድንኳኑ ሞላ። ከፍኖተ ሰላም የመጡት የክንዱ ዘመዶች አልቅሰው ተቀመጡ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበርም መጣ፤ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ንፍሮውን ቀምሶ ሲወጣ፣ ነገ ከተፋሰስ ሥራ ማንም እንዳይቀር ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ አስታወሰ።

"ይሄ ሰው የራሱ ቀብር ቀን ስብሰባ ይጠራል" አለች ሀብትነሽ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ አንደኛዋ ወደ ጓዳው በዓይኗ ጠቆመችና ለጎኗ ሰው አንሾካሾከች።

"ምራቲቱ እንባ አልወጣትም አሉ።"

"ምን ይውጣት፣ ተገላገለች እኮ።"

"ኧረ በስመ አብ በይ!"

"እውነቴን እኮ ነው። ያን ሽታ የቻለች ሴት ብትስቅም አልፈርድባት።"

እማዋይሽ ትሰማለች። ንፍሮ እየዘገነች ሰሐን ትሞላለች። ጀርባዋን ያማታል። አላዘነችም አይደለም፤ ሐዘኑ ገና ተራ አላገኘም። ፀሐይ ከበሩ መድረክ ላይ ስትወርድ ሰሐኑን አኖረችና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ መኝታው ገባች። አልጋው ባዶ ነው። ጠፍሩ ላይ ሰሌን ብቻ ተጠቅልሎ ቆሟል። አማቷን የማገላበጫው ሰዓት ነበር። ምን ልታደርግ እንደገባች ትዝ እስኪላት ቆመች፤ ከዚያ ተመልሳ ሰሐኑን አነሳች።

ሕመሙ የጀመረው ሚሌኒየሙ ካለፈ ወዲህ ነው። እመት ዓባይነሽ በጡታቸው የወጣውን እብጠት ለማንም ሳያሳዩ ቀሚስ ደርበው ደብቀውት ኖሩ፤ ሽታው ነው ያጋለጣቸው። ፀበል ከረሙ። በኋላ ባሕር ዳር ተወሰዱ፤ ሐኪሞቹ አይተው፣ ሥር ሰድዷል፣ እንግዲህ ቤታቸው ይረፉ አሉ። ቤታቸው ይረፉ ሲባል እማዋይሽ ታስታማቸው ማለት ነው። ማን አለ ሌላ?

መጀመሪያ ላይ እጇ ሥራውን ይሠራ ነበር እንጂ አፏ አይናገርም። ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ጨርቅ ትቀይራለች። አንድ ቃል የለም። አሮጊቷም ከዚያ የባሱ ግትር ናቸው፤ ሲያማቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም። ሁለት ዝምተኛ በአንድ ጓዳ።

ከዚያ ሲስተር ህይወት መጣች። ከማንኩሳ ጤና ጣቢያ የምትመጣ ነርስ ናት፤ ከቤት መውጣት የማይችሉ ሽማግሌና አሮጊቶችን በየቤታቸው እየዞረች ታያለች። ፕላስቲክ ጫማ አድርጋ፣ ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ፣ ጭቃውን ረግጣ ትደርሳለች። ቁስሉን ስታየው ፊቷን አላዞረችም። ሀብትነሽ ያን ቀን በሩ ላይ አፍንጫዋን ይዛ ቆማ "ልጄ፣ አይሸትሽም?" ብትላት፣ "ይሸተኛል እንጂ፣ አፍንጫ የለኝም እንዴ?" አለቻትና ሥራዋን ቀጠለች። አሮጊቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ።

ውሃ በጨው አፍልቶ ቁስል ማጠብን፣ ክኒን አድቅቆ ቁስሉ ላይ በመነስነስ ሽታውን ማጥፋትን፣ አንሶላ አጥፎ ከወገብ ሥር በማስገባት ከባድ ሰው ለብቻ ማገላበጥን ያስተማረቻት እሷ ናት። ስለ ማስታገሻውም፦

"ሕመሙ እስኪመጣ አትጠብቂ። እሱ ሳይደርስ መድኃኒቱ ይቅደም" አለቻት።

ጾም ሲገባ እመት ዓባይነሽ መድኃኒቱን ከጾም መፍቻው ሰዓት በፊት አልውጥም አሉ። ላብ እያጠመቃቸው፣ ሰሌኑን በጥፍራቸው እየቧጠጡ፣ ዘጠኝ ሰዓትን ጠበቁ። እማዋይሽ ነጠላዋን አንሥታ ቄስ ገብረሰንበት ደጅ ሄደች።

"አባ፣ ይምጡና ይንገሩልኝ። እኔን አይሰሙኝም።"

"ጾማቸውን ላስገድፋቸው?"

"ጾም አይደለም የያዛቸው አባ፣ ምጥ ነው።"

ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ጥቂት አሰቡና ተነሡ። መጥተውም "መድኃኒት ምግብ አይደለም፤ እኔ ፈትቼዎታለሁ፣ በኔ ይሁን" አሉ። አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ቀን ከቀትር በኋላ እንደ ሕፃን ተኙ። እማዋይሽም ከአልጋው እግር ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት።

አንድ ቀን በጎናቸው አዙራ ጀርባቸውን ስታሽላቸው፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ፦

"እናትሽ የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?" አሏት።

እጇ ቆመ።

"ወለተ ሐና።"

"ወለተ ሐና" ብለው ደገሙት። "ምግብ ምን ይወዱ ነበር?"

"የተልባ ፍትፍት።"

"ሲስቁስ?"

"ስትስቅ ሳል ያቋርጣታል። ሳሉ ደግሞ መልሶ ያስቃታል።"

"እጅሽ ቆመ" አሏት፤ "እሺኝ እንጂ።"

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሲገላበጡ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ቁመቷ እንዴት ነበር? ፈትል ታውቃለች? ለየትኛው ታቦት ትሳላለች? እማዋይሽ መጀመሪያ ባጭር ባጭሩ መለሰች። ቆይታ ግን አፏ ተፈታ። እናቷ አንዴ ከጎረቤት ጋር ጠላ ላይ ተጣልታ እድሩ ሁሉ እንዳስታረቃት፣ እሷን ስትድር ከብት በረት ውስጥ ተደብቃ እንዳለቀሰች፣ ሁሉን አወራች። መቃብር ላይ ያልወጣላት ልቅሶ በዚያ ጓዳ፣ በዚያች ሴት ጀርባ ላይ፣ ጥቂት በጥቂት ወጣ። አሮጊቷ አይመልሱም፤ ያዳምጣሉ። አንዳንዴ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ እሁድ ቄስ ገብረሰንበት ሊጸልዩላቸው መጥተው ሊነሡ ሲሉ እመት ዓባይነሽ ቀሚሳቸውን ያዙ።

"ወለተ ሐናንም ያንሡልኝ።"

"ወለተ ሐና ማን ናቸው?"

"የልጄ እናት።"

ቄሱ የቱ ልጅ ብለው አልጠየቁም። ቀና ብለው እማዋይሽን አዩና ጸሎቱን እንደገና ጀመሩ።

በመጨረሻው ሰሞን፣ ሰብለ ወንድ ልጅ መውለዷ ሲነገራቸው ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ጨፈገገ።

"እንግዲህ ስሞት ይደብቋታል" አሉ።

"ይደብቋታል እቴቴ።"

"አንቺስ?"

"ምን ላድርግ ይላሉ?"

እኚያ ዕድሜ ልካቸውን ሲያዙ የኖሩ ሴት ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እኔ እንጃ። ማዘዝ ትቻለሁ" አሉ። መድኃኒታቸውን በማር ውሃ ዋጡና ተኙ።

ሲስተር ህይወት በሠልስቱ ከቀትር በኋላ ልቅሶ ደረሰች። ቦርሳዋን አልያዘችም፤ ያለ ቦርሳ ትንሽ ልጅ ትመስላለች። እማዋይሽ ሳመቻትና ወደ ጓሮ ይዛት ወጣች። የማገዶው እንጨት ላይ ተቀመጡ።

"ደከመሽ እትዬ?"

"ደከመኝ። አንቺስ?"

"እኔማ ዛሬ ሦስት ቤት ሳልደርስ ቀረሁ" አለችና ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን አራገፈች። "ግድ የለም፣ ነገ እደርሳቸዋለሁ።"

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሳታባብዪ ንገሪኝ። አራስ መርዶ ስትሰማ ትሞታለች?"

ህይወት ዞር ብላ አየቻት።

"ሰብለን ነው?"

"እሷን ነው።"

"አትሞትም። ታለቅሳለች። ወተቷ ለሁለት ቀን ሊያንስ ይችላል፤ ልጁን ጡት ላይ ካቆዩት ይመለሳል። ውሃ ትጠጣ፣ ትብላ፣ ብቻዋን አትተዋት። ደም ከበዛባት ወይ ካተኮሳት ግን ሳታድሩ ወደ ሐኪም።" ጫማዋን መልሳ አደረገች። "ደግሞ መጀመሪያ ልጁ ይጥባ።"

"ክንዱ አይሰማኝም።"

"ለሱስ እንግዲህ እኔ መድኃኒት የለኝም" አለች ህይወት። ሁለቱም ደክሟቸው ሳቁ።

ክንዱን በረቱ አጠገብ አገኘችው። ልቅሶ ቤት ሆኖም ከብት ውሃ ይጠጣል። ገንዳው ላይ ውሃ እያፈሰሰ ነበር።

"ቡሬ እሄዳለሁ" አለችው። "ግን አልዋሻትም።"

ባልዲውን አኖረው። ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

"ይህን ነው የፈራሁት። ያችን ነገር እስከ ዛሬ ይዘሻት፣ አሁን ባራስ ልጅ ላይ ልትወጪው ነው?"

"ቂም ነው የምትል?"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ቂም ቢሆን ዝም እል ነበር ክንዱ። ቅቤዬን ተቀብቼ፣ ስቄ፣ 'እናትሽ ደህና ናቸው' ብያት እመጣ ነበር። የቀመስኩትን ትቀምሰዋለች። ማን ያውቅብኛል? እናንተማ ታመሰግኑኝ ነበር።"

ጊደሯ ባልዲውን ገፋችው፤ ክንዱ አልመለሳትም።

"እህቴ ብትሞትብኝስ?"

"ሲስተርን ጠየቅኋት። አትሞትም ብላኛለች።"

"እሷ ምን ታውቃለች፣ የትናንት ልጅ!"

"አባትህ ሲሞቱ ጩኸታቸው ወንዝ ተሻግሮ ይሰማ ነበር፤ ጆሮህን ይዘህ እዚሁ በረት ውስጥ አድረሃል። እናትህ እንዴት ሄዱ?"

ፊቱን ወደ ገንዳው አዞረ።

"እንዴት ሄዱ ክንዱ?"

"ተኝታ" አለ። "እጄን ይዛ፣ ተኝታ።"

"እኮ። አንተ እጃቸውን ይዘህ፣ አፈር አልብሰህ፣ ይኸው ሠልስት አወጣህ። እሷም ልጃቸው ናት። አርባቸው ካለፈ በኋላ መጥታ መቃብር ላይ ብቻዋን እንድትጮህ ነው የምትፈልግ?"

ክንዱ ባልዲውን አንሥቶ ጀርባውን ሰጣት።

"እኔ አላዘዝኩሽም" አለ።

"አላዘዝከኝም።"

በማግስቱ ማለዳ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች አስፋልቱ ዳር ወጣች። ሀብትነሽ ቀድማት ደርሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ በእጇ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

"አሁንም አልረፈደም" አለች፤ "እዚሁ ተቀመጪና ልቀባሽ።"

"ለአራሷ ገንፎ ይሁን። ለሷ ስጫት።"

"ግትር! አንቺ ሴት እኮ በሬ ነሽ! ልጅቱ አንድ ነገር ብትሆን በማን ይመካኝ?"

"በኔ።"

"እኔም አብሬ ነዋ የምወቀስ።"

"አትምጪ እንግዲያ።"

"እንዴት አልመጣ? መርዶ ብቻሽን ልታረጂ ነው? ባገሩ ሰው የለም እንዲሉን?" ብላ አኩርፋ ቀድማት መኪናው ላይ ወጣች።

እስከ ቡሬ ድረስ አላረፈችም። ለክርስትናው ይደርሳል፣ ለሰባቱ አይደርስም፣ ወተት፣ ደም፣ ቡዳ፣ ምች፤ ሁሉን ደረደረች። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ የበቆሎ ነጋዴ "እትዬ፣ እረፊ እንጂ፣ መኪናውም ደከመው" ቢላት፣ "አንተ በቆሎህን ጠብቅ" አለችው። እማዋይሽ በመስኮቱ ወደ ማሳው ታያለች። ምን ብላ እንደምትጀምር ታስባለች፤ የመጣላት ቃል ሁሉ ያስጠላታል። የሰብለ ደጅ ሲደርሱ ሀብትነሽ ዝም አለች። ጭራሽ ዝም።

ተስፋው በሩን ከፈተና ጥቁሩን ሲያይ ደሙ ከፊቱ ወረደ።

"ምነው እትዬ? እንዲህ አይደለም እኮ የተባባልነው!" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አደራ፣ በእመቤቴ፣ አደራ!"

"ሂድና ጎረቤት ጥራ" አለችው። "ሁለት ጠንካራ ሴቶች አምጣ። እዚህ በረንዳው ላይ ይቀመጡ፤ ሳልጠራቸው እንዳይገቡ። ውሃም ቅዳ።"

ወጣት ነው፤ ቆሞ አያት። ከዚያ ሄደ። ሀብትነሽ በረንዳው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። እማዋይሽ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ገባች፤ አልጋው ዘንድ ያለው ጨለማ ለጊዜው ይሸፍንላታል።

ሰብለ በመጋረጃው ውስጥ አልጋው ላይ ተደግፋ ልጁን ታጠባለች። ገርጥታለች፣ ግን ፊቷ ሞላ ብሏል። ከደጅ ብርሃን የገባ ሰው ለመለየት ዓይኗን ጠበብ አደረገች።

"እትዬ? እትዬ እማዋይሽ ነሽ? ውይ እግሬን ልንቀልልሽ! ነይ እይው፣ ይሄን ሆዳም እይው! እንዳባቱ ነው፣ አይጠግብ።"

እማዋይሽ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመቻትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እማዬስ? እኔ እኮ ተናድጃለሁ፤ ስልኩን ምነው ዘጋችሁት? ስሙን እማዬ ታውጣለት ብዬ እስከ ዛሬ 'ማሙሽ' እያልኩት ነው። ተስፋው የሱ እናት ታውጣለት አለኝ፤ እምቢ አልኩት።" ሳቀች። "ታማለች? ብርዱ ለቀቃት?"

"ይጥባ መጀመሪያ" አለች እማዋይሽ።

"እየጠባ አይደል! አንቺ ንገሪኝ እንጂ።"

"ይጥገብ።"

ሰብለ ሳቋን እንደያዘች አየቻት። ከዚያ የደጁ ብርሃን ዓይኗን ለቀቀው፤ ነጠላው እንዴት እንደተለበሰ አየች። ጠጉሩን አየች። ልጁን የባሰ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። እሱ ግድ የለውም፤ ይጠባል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይጠባል። ከበረንዳው የሴቶች እግር ሲገባና ሲቀመጥ ተሰማ። ሁለቱም ልጁን እያዩ ተቀመጡ። ቆይቶ ጡቱን ለቀቀ፤ አፉ ክፍት እንደሆነ፣ ጉንጩ ላይ ወተት እንደቀረ፣ እንቅልፍ ወሰደው።

እማዋይሽ ሁለቱን እጆቿን ዘረጋች።

"ልጁን ስጪኝ" አለች።

"አልሰጥሽም" አለች ሰብለ። "እትዬ፣ አልሰጥሽም።"

እማዋይሽ እጆቿን አላጠፈችም።

ሰብለ ልጁን አቅፋ ወደ ፊት ወደ ኋላ ተወዛወዘች፤ ጣሪያውን አየች፣ በሩን አየች። ከዚያ ክንዶቿ ቀስ እያሉ ላሉ። እማዋይሽ ሕፃኑን ከእቅፏ አንሥታ በግራ ክንዷ ያዘችው፤ ቀኙን ለሰብለ ከፍታ ጠበቀቻት።